የአባባ ጣትና የተሰረዘው ክሬዲት

ለወንድሜ ለሽመክት ተክለወልድ፤ ካለህበት ጁባ ይድረስህ።

ወንድም ዓለም፣ እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህስ? ያ ወገብህን እየያዘ ከመኪና ሥር አላስወጣ ያለህ ሕመም ተወህ ወይ? ባለቤትህ ሰብሊስ እንዴት ናት? ያሰበችውን የልብስ ስፌት ጀመረች? የጁባ ሙቀት የኛን ቆላ ያስንቃል ብለኸኝ ነበርና ውሃ ጠጣ፤ ቀትር ላይ ከብረት ጋር አትታገል። እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። እማዬ ጉልበቷ ደረጃ ሲያይ ይቆጣል እንጂ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ልጄ ሚሪያም የፊት ጥርሶቿን ጥላለች፤ ስትስቅ ብታያት አንተም ሳትወድ ትስቃለህ። የበልጉ ዝናብ ዘንድሮ አልጨከነብንም፤ የኩልፎ ወንዝ ሞልቶ ዳር ዳሩ ያለውን ሙዝ ትንሽ ቢጎዳም የላንቴ ሰዎች አላማረሩም። ሰላምታውን ሳላዳርስ ወደ ወሬው ብዘል እማዬ ደብዳቤውን አታሳልፈውም ነበርና፣ እነሆ እስኪበቃህ ጠየቅኩህ።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክ የአባባን ስም ባነሳሁ ቁጥር «ኔትወርኩ ተቆራረጠብኝ» ትለኛለህ። ስለ ሚሪያም ሳወራህ ግን ያው ኔትወርክ ጥርት ይላል። ወረቀት ኔትወርክ የለውም። ይህን ይዞልህ የሚመጣው ወደዚያ የሚሻገር የልጅነት ጓደኛህ የባፈና ጎረቤት ነው። አንዴ ከጀመርከው እስከ መጨረሻው አንብበው፤ ሌላ የምለምንህ ነገር የለም።

ነገሩ ይህ ነው፦ አባባ ፈተና ላይ ሲያስኮርጁ ተያዙ።

መስመሯን መልሰህ እንዳነበብካት አውቃለሁ። በዞኑ ኮሙኒኬሽን ዜና ስጽፍ ዓመታት አልፈዋል፤ የጎርፍ ጽፌያለሁ፣ የመኪና አደጋ ጽፌያለሁ፤ እንደዚህች አንዲት መስመር ግን እጄን ያደረቀው የለም። ስለዚህ ልማዴ እንደሆነው ከሥሩ ልጀምርልህ፤ ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ሰማሁ እያልኩ።

አባባ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወረዱበትን ዓመት አንተ እዚህ አልነበርክም። ዲግሪ የሌለው መምህር ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል አያስተምርም ተባለ። የአባባ ደግሞ እንደምታውቀው ዲፕሎማ ነው። ወደ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ተዛወሩ፤ በቦታቸው የገቡት እሳቸው ራሳቸው ያስተማሯቸው ልጆች ነበሩ። አንድ ቀን እንኳ ሲያማርሩ አልሰማሁም። ግን ያን ጠርዙ በፕላስተር የተያያዘ የአፍሪካ ካርታቸውን ጠቅልለው፣ በትከሻቸው ተሸክመው በሲቀላ ገበያ መሃል ብቻቸውን ሲያልፉ አይቻለሁ። ጠርቼ ላግዛቸው አልኩና አፈርኩ። ያፈርኩት በእሳቸው አይደለም፤ እንደዚያ ሆነው ሳያቸው እንዳያዩኝ ብዬ ነው። ጡረታ ሲወጡ ካርታው ሳሎን ግድግዳው ላይ ተሰቀለ፤ እንግዳ ሲመጣ ግን ጀርባቸውን ለካርታው ሰጥተው ነው የሚቀመጡት።

አምና እዚህ ከተማ ያለ አንድ ኮሌጅ አዲስ አሠራር ጀመረ። በሥራና በንባብ ዕውቀት ያካበቱ ሰዎችን ክፍል ገብታችሁ ተማሩ ሳይል በየትምህርት ዓይነቱ ይፈትናቸዋል። ባለፉበት ትምህርት ልክ ክሬዲት ይያዝላቸዋል፤ ክሬዲቱ ሲሞላ ዲግሪ ይሰጣቸዋል። ዜናውን የጻፍኩት እኔው ነኝ። ማታ ቤት ስገባ አባባ በሬዲዮ ሰምተውት ኖሮ ጠበቁኝ።

«ይህን ነገር አጣርተሽ ነው የጻፍሽው?» አሉኝ። «አጣርቼ ነው» አልኳቸው። «ክፍል ሳይገቡ?» «ሳይገቡ።» «በፈተና ብቻ?» «በፈተና ብቻ፣ አባባ።» በማግስቱ ኮታቸውን ለብሰው፣ መነጽራቸውን ጠርገው ወጡ። የት እንደሚሄዱ ማንም አልጠየቃቸውም፤ ሁላችንም አውቀነዋል።

መጀመሪያ ታሪክ ተፈተኑ፤ አለፉ። ሥነ ልቦና አለፉ፤ እንግሊዝኛም አለፉ። ስታትስቲክስ ላይ ወደቁና ቤቱ የለቅሶ ቤት ሆነ። እማዬ «ይኸ ሰውዬ በስተርጅና ደብተር አገባብኝ» ብላ ለጎረቤት ሁሉ ታወራ ነበር፤ ሲወድቁ ግን ከማንም ይልቅ የከፋት እሷ ናት። የጎረቤት ተማሪ ጠርተው እየተጠየቁ፣ እየተሳሳቱ፣ እየተቆጡ ተማሩት፤ ደግመው ተፈትነው አለፉ። ባለፉ ቁጥር ለሚሪያም ማንጎ ይገዙላታል። ልጅቷ ማንጎ ሲያምራት «አባባ፣ ፈተና የለዎትም?» ማለት ጀምራ ነበር።

የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊን ለመጨረሻ ያቆዩት ሆን ብለው ነው። ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩት እሱን ነዋ። «ማሳረጊያዬ ይሁን» አሉኝ። ያንን ካለፉ ክሬዲቱ ሞልቶ፣ ዲግሪው በእጃቸው ነበር።

የፈተናው ዕለት በባጃጅ ኮሌጁ ወዳለበት ወደ ሴቻ ወሰድኳቸው። እሳቸው ወደ አዳራሹ ገቡ፤ እኔ ግቢው ውስጥ ዋርካው ሥር ተቀመጥኩ። እስካሁን የነገርኩህ ሁሉ ያየሁት ነው። ጊዜው ገና ሳይደርስ በሩ ተከፈተና አባባ ወጡ። እስክሪብቶው በአንድ እጃቸው፣ ክዳኑ በሌላው ነበር። ከኋላቸው ኖላዊት ቆማለች፤ የኮሌጁ መምህርት ናት፣ ስምንተኛ ክፍል እያለች አባባ ያስተማሯት። ዓይኗ ቀልቷል።

«ቀለለዎት መሰለኝ» አልኳቸው እየሳቅኩ። «ወረቀቴን ቀሙኝ» አሉ፤ ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው። «ማን ነው የቀማዎ?» «ፈታኟ። ልክ ናት። ነይ እንሂድ።» ባጃጁ ውስጥ እስክሪብቶውን ሊከድኑ ሞክረው ሞክረው አቃታቸው፣ ተቀብዬ ከደንኩላቸው።

ከዚህ በኋላ ያለውን የሰማሁት ከኖላዊት ነው፤ በማግስቱ ቢሮዬ ድረስ መጥታ ነገረችኝ። አባባ ፈተናውን ከሁሉ ቀድመው ጨረሱ። ሰዓቱ እስኪጋመስ ድረስ መውጣት ስለማይፈቀድ ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው ተነሡ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በወንበሮቹ መሃል መራመድ ጀመሩ። አዎ፣ ሽመክት፤ ተፈታኙ ሰውዬ ተነሥተው ፈታኝ ሆኑ።

«ለምን አላስቆምሻቸውም?» አልኳት። «እህት ዓለም፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ» አለችኝ። «ሲራመዱ ሳያቸው ምንም አልመሰለኝም። ፈተና ባለበት ጋሽ ተክለወልድ ይራመዳሉ፤ እኔ የማውቀው ይህንን ነው። እንዲያውም ቆሜ ማየቴ አሳፍሮኝ ልቀመጥ ወንበር ስፈልግ ነበር። ፈታኟ እኔ መሆኔን ያስታወስኩት ድምፁን ስሰማ ነው።»

ድምፁን ታውቀዋለህ። አባባ በክፍል ሥራ ጊዜ በተማሪ ትከሻ በኩል ያዩና፣ ስህተት ካገኙ ምንም ሳይናገሩ በሌባ ጣታቸው ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ይመታሉ። «እንደገና እየው» ማለታቸው ነው። በእሳቸው እጅ ያለፈ ሰው ሁሉ ያቺን ምት እንቅልፉ ውስጥም ቢሆን ይለያታል። በፈተና ቀን ግን አይመቱም። እጃቸውን ወደ ኋላ የሚያጣምሩት ለግርማ ሞገስ ይመስለን ነበር፤ ለካ ጣታቸውን አስረው መያዛቸው ኖሯል። ይህን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ።

ያን ዕለት ግን ፈታኝ አልነበሩምና እጃቸውን የሚያስረው ነገር አልነበረም። ከፊታቸው የተቀመጠችው ልክነሽ የምትባል የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ጥያቄው በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ካሉት ሐይቆች በስፋት አንደኛው የቱ ነው ይላል። ልክነሽ ጫሞን አክብባለች። አስበው እንግዲህ፤ ከአርባ ምንጭ ሳይወጡ፣ ሁለቱንም ሐይቆች በየቀኑ እያዩ፣ አባያ ቁጭ ብሎ ጫሞ። የአባባ እጅ ከኋላ ተፈታ። ጠረጴዛው ሁለት ጊዜ ተመታ። አዳራሹ በሙሉ ቀና አለ፤ ግማሹ ሰው የራሱን መልስ እንደገና ማየት ጀመረ አለችኝ ኖላዊት። እሷም ሄዳ የሁለቱንም ወረቀት አነሣች። እያለቀሰች ሪፖርቱን ጻፈች። አባባ አጠገቧ ቆመው «ሰዓቱን መጻፍ አትርሺ» አሏት።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ከተማ ገባ። ወደ ሥራ ስሄድ የተሳፈርኩበት የባጃጅ ሾፌር ማንነቴን ሳያውቅ ዞሮ «ሰማሽ ወይ እህቴ?» አለኝ። «ጋሽ ተክለወልድ ሲያስኮርጁ ተያዙ አሉ። እኔን ስምንተኛ ክፍል አንገቴን ስላዞርኩ ብቻ ፀሐይ ላይ ያቆሙኝ ሰውዬ። እንግዲህ ማንን ልትፈሪ ነው?» ከመውረጃዬ በፊት ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። ቢሮ ስደርስ ሰዎች ድምፃቸውን ቀነሱ። ምሳ ሰዓት ላይ አንዷ ባልደረባዬ ሐዘን እንደደረሰበት ሰው እጄን ያዘችኝ።

ቤት ውስጥ አባባ ከወንበራቸው አልተነሡም። ሚሪያም ማንጎዋን ጠብቃ ስታጣ አጠገባቸው ሄዳ ዝም ብላ ተቀመጠች። እማዬ ግን ዝም የምትል ሴት አይደለችም። «እኛ አገር ኦቾሎ» አለቻቸው፣ «ሰው ያጠፋ እንደሆነ ሽማግሌ በተሰበሰበበት የዱቡሻ አደባባይ ላይ ቆሞ ጥፋቱን በአፉ ይናገራል። ይታረቃል፤ ያልቃል። የናንተ የፈተና ሕግ ግን ማለቂያ የለውም። ልጄን ወሰደ፣ አሁን ደግሞ አንተን ሊወስድ ነው።» እኔ ያንተ ነገር በዚያ ቤት ውስጥ፣ በእሳቸው ፊት ሲነሣ ከሰማሁ ብዙ ዘመን ሆኖኝ ነበርና ደነገጥኩ።

አሥረኛ ክፍል በተፈተንክበት ቀን የሆነውን ላንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ፈታኝ ታሞ አባባ ባልታሰበ ሰዓት ተተክተው ወደ ክፍላችሁ ገቡ። «ልጄ እዚህ አለ» ቢሉም «አንተን ማን ይጠረጥራል» ተባሉ። ከኋላ ሆነው ሲያዩ ጣትህ ወደ ባፈና ጠረጴዛ ተዘርግታለች። ወረቀትህን ወሰዱ፤ ሪፖርቱን በገዛ እጃቸው ጻፉ፤ የሁለታችሁም ውጤት ተሰረዘ። ባፈና ላንቴ ወዳለው የአባቱ የሙዝ ማሳ ተመለሰ። አንተ ሞያሌ በሚሄድ መኪና ተሳፈርክ። ከዚያ ወዲህ አንተና አባባ አንድ ቃል አልተለዋወጣችሁም። እኔ የማውቀው ይህን ያህሉን ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ባፈና አንድ ግንድ ሙዝ ተሸክሞ መጣ። ዓመት በዓል ሲሆን ብቅ ይላል፤ ያለ በዓል ሲመጣ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ሙዙን በር ላይ አስቀመጠና ወደ ሳሎን ገብቶ አባባ ፊት ቆመ። «ጋሼ» አላቸው፣ «እንኳን ወደኛ ወደ ኮራጆች ሰፈር በደህና መጡ።»

እማዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አባባ ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩትና ሳቁ። ከፈተናው ቀን ወዲህ ጥርሳቸውን ያየሁት ያኔ ነው። ወንበር አሳዩት። ሲቀመጥ ግን ሳቁ ጠፋ። «ባፈና» አሉት፣ «ያን ዕለት ጠይቀኸው ነበር?» ስለየትኛው ዕለት እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

«አልጠየቅኩትም» አለ ባፈና። «ምን ብዬ ልጠይቀው? እኔ የተሳሳትኩ መሆኔንም አላውቅም ነበር። እሱ ጨርሶ ዞር ሲል አየብኝ መሰለኝ፤ ጠረጴዛዬን ሁለት ጊዜ መታ።» በሌባ ጣቱ የወንበሩን እጀታ ሁለት ጊዜ መታ፤ ልክ እንደዚያው። «እርስዎ ክፍል ውስጥ እንደሚያደርጉት።»

«እንደኔ?» አሉ አባባ።

«እንደርስዎ፣ ጋሼ። እንዲያውም መጀመሪያ እርስዎ የመቱት መስሎኝ ደንግጬ ወደ ኋላ ዞሬያለሁ።»

ሽመክት፣ አንተ ይህን ሁልጊዜም ታውቅ ነበር። እኔ አላውቅም ነበር። የአባባን ፊት ያኔ ብታየው ብዬ ተመኘሁ፤ ወዲያው ደግሞ እንኳን አላየህ አልኩ። ወረቀታቸው ሲቀማ ያልደነገጡት ሰውዬ ያኔ ደነገጡ። ቀኝ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ የሌላ ሰው ዕቃ በስህተት ወደ ቤታቸው እንደገባ ሁሉ ጣታቸውን ሲመለከቱ ቆዩ። ባፈና ምሳ ብላ ቢባልም አልቆየም።

ማክሰኞ የኮሌጁ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቀመጠ። ቤተሰብ መግባት ይችላል ስለተባለ አብሬያቸው ገባሁ። ሰብሳቢው ዲኑ በርናባስ ነው፤ ከአንተ ሁለት ክፍል ቀድሞ የነበረው፣ ያ የዘመን መለወጫ ዕለት አባያ ላይ ሊሰጥም የነበረው። ከሁለቱ አባላት አንዱም የአባባ ተማሪ ነው። ኖላዊትና ልክነሽ በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። አባባ ሲገቡ ኮሚቴው በሙሉ ከመቀመጫው ተነሣ፤ ተከሳሹ ቆሞ ዳኞቹ የሚነሡበት ችሎት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ይቀመጡ ጋሼ» አላቸው በርናባስ። «ቆሜ ይሻለኛል» አሉ። በርናባስ ጉሮሮውን ጠርጎ ነገሩ ልማድ እንጂ ተንኮል እንዳልሆነ ሁሉም እንደሚያውቅ፣ ኖላዊትም ሪፖርቷን ጥቂት ብታለሰልሰው ጉዳዩ በማስጠንቀቂያ ሊያልቅ እንደሚችል ተናገረ። አባባ ወደ ኖላዊት ዞሩ። «ከጻፍሽው አንዲት ቃል እንዳትቀንሺ» አሏት። «ደህና አድርገሽ ነው የጻፍሽው።»

ከዚያ ስለ ልክነሽ ተናገሩ። ሴትየዋ እንዳልጠየቀቻቸው፣ ቀና ብላ እንኳ እንዳላየቻቸው፣ ስለዚህ ወረቀቷ መታረም እንዳለበት አስረዱ። ልክነሽ ይህን ስትሰማ አላስቻላትም። «ኧረ እኔስ ምን ተጠቅሜ ጋሼ» አለች። «ጫሞ ብዬ ተቀምጬ ነበር። ሲመቱት ደንግጬ ጫሞን አጥፍቼ ዝዋይ አልኩ።» ኮሚቴው ሳቁን ሊይዝ አልቻለም። አባባ ግን አልሳቁም። «ዝዋይ?» አሏት፤ ከራሳቸው ክስ ይልቅ ያ የጎዳቸው መስሎ። «ልጄ፣ ዝዋይ?»

ሳቁ ሲበርድ አባባ መመሪያው ምን እንደሚል ጠየቁ። በርናባስ ወረቀቱን አገላብጦ ቀስ ብሎ አነበበ፦ በፈተና አዳራሽ መልስ የሰጠ ወይም የተቀበለ ተፈታኝ በፈተና ያገኘው ክሬዲት በሙሉ ይሰረዛል፤ ለሁለት ዓመትም አይፈተንም። እኔ የጂኦግራፊው ብቻ የሚሰረዝ መስሎኝ ነበር። ታሪኩም፣ እንግሊዝኛውም፣ ያ በስንት ለቅሶ የተገኘው ስታትስቲክስም ሊሄድ መሆኑን የሰማሁት ያኔ ነው። አግዳሚውን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«እንግዲያው እንደዚያ አድርጉ» አሉ አባባ።

«ጋሼ» አለ በርናባስ፣ «ኮሚቴው ምሕረት የማድረግ ሥልጣን አለው። እኛ እርስዎን መማር እንችላለን። እንፈልጋለንም።»

አባባ በማስተማሪያ ድምፃቸው፣ ከኋላ ወንበር ድረስ በሚደርሰው በዚያ ድምፅ፣ «እኔን ከማራችሁኝ የልጄንም ወረቀት መልሱልኝ» አሉ።

ሌሎቹ ተያዩ። በርናባስ ግን ገብቶታል፤ አንገቱን ደፋ። «እሱን እንኳ እኛ…» አለና ተወው። «አውቃለሁ» አሉት አባባ። «እናንተ አትችሉም። እኔ ግን ያን ጊዜ እችል ነበር። ፈታኝ የማስጠንቀቅ ሥልጣን ነበረው። አስጠንቅቄ ማለፍ እችል ነበር። ልጄ ስለሆነ ይባስ አጠበቅኩት።» ኮሚቴው ወጣ ብሎ ተነጋግሮ ተመለሰ፤ የልክነሽ ወረቀት እንዲታረም፣ የአባባ ክሬዲት በመመሪያው መሠረት እንዲሰረዝ ወሰነ። በርናባስ ውሳኔውን ሲያነብ ድምፁ ሁለት ቦታ ላይ ተሰበረ። አባባ እጁን ጨብጠው ወጡ።

እውነቱን ልንገርህ፤ ተናድጄ ነበር። በር ላይ «ለምን?» አልኳቸው። «ለማን ሲባል ነው? ሽመክት አያውቅ፣ አይሰማ። ያ ሁሉ ልፋት!» ያልኳቸው ቃል ከአፌ ሲወጣ አያምርም ነበር። አባባ ባጃጅ እንዳንይዝ ነገሩኝ፤ ከሴቻ ወደ ታች በእግር ወረድን። ሁለቱ ሐይቆች ቁልጭ ብለው የሚታዩበት ቦታ ስንደርስ ቆሙ። አባያ ቀልቶ፣ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ ከታች ተዘርግተዋል።

«ያቺ ጣት የኔ ናት» አሉኝ። «ልጁ ከኔ ነው የወሰዳት። ሌላውን ሳስተምረው አልያዘልኝም፤ ይህችን ብቻ ሳላስተምረው ያዘልኝ። እኔ ደግሞ በገዛ ጣቴ ሰበብ ቀጣሁት። ጻፊለት።» ቀጥለውም «ይቅር በለኝ ይላል ብለሽ አትጻፊ፤ እሱን እኔ በአፌ የምለው ነው። የሆነውን ብቻ እንዳየሽው ጻፊለት» አሉ። ይኸው እንዳየሁት ጻፍኩልህ።

እማዬ ውሳኔውን ስነግራት አላለቀሰችም። «ቆሞ ነው የተናገረው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ቆመው ነው» አልኳት። «እንግዲያው በእሱ በኩል አልቋል» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ያንተን ወገን ደግሞ ላንተ ትታዋለች።

አባባ ከትናንት ጀምሮ ታሪክ ማንበብ ጀምረዋል። ሁለት ዓመቱ ሲያልቅ ከአንድ ብለው ሊፈተኑ ነው። ያን ጊዜ ስንት ዓመት እንደሚሆናቸው ባሰላላቸው «ጂኦግራፊው አይለወጥም፤ አባያ ሰፊ ነው» አሉኝ። ሚሪያም የማንጎው ነገር እንደገና እንደሚጀምር አረጋግጣ ተደስታለች።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ይህን ደብዳቤ ከመዝጋቴ በፊት ለአባባ ሳነብላቸው አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። መጀመሪያ የጻፍኩት «አሥረኛ ክፍል ባጠፋህ ጊዜ» የሚል ነው። እዚያ ስደርስ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ መቱ። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ መስኮቱን ያያሉ። መስመሩን አጠፋሁት። አሁን በእጅህ ባለው ወረቀት ላይ «አሥረኛ ክፍል በተፈተንክበት ቀን» የሚለው የእሳቸው እርማት ነው።

እንግዲህ ሰላምታዬን ላድርስ። ሰብሊን በእኔ ስም ሁለት ጉንጮቿን ሳምልኝ። እማዬ ስፌት ሥር ብዙ አትጎንበሺ በልልኝ ብላሃለች፤ ላንተም ወገብህን በሰሊጥ ዘይት እሽ ትላለች። ሚሪያም ጥርሷ ሲበቅል ፎቶ እንደምትልክልህ ቃል ገብታለች። ባፈና «ሙዝ መብላት ሲያምርህ ላንቴ እዚያው አለች፣ የትም አልሄደችም» ብሎሃል። ኖላዊት ባታውቅህም ሰላም በይልኝ አለችኝ።

አባባም ሰላም ብለውሃል። ይህችን መስመር በደብዳቤ ስጽፍልህ የመጀመሪያዬ ነው፤ የተላከውን እንጂ ያልተላከውን ሰላምታ ጽፌልህ አላውቅምና። ዘወትር ከምሳ በኋላ እዚህ ካርታው ፊት ይቀመጣሉ፤ ስልኬንም አጠገባቸው ትቼላቸዋለሁ። ያኔ ኔትወርኩ ጥርት ያለ ነው።

እህትህ ሰሊሆም ተክለወልድ
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.